ዱዘንበርግ ሞዴል ጄ፦ የሚወራውና እውነቱ

ረጅም ኮፈን፣ የሚታጠፍ ሸራ ጣሪያ፣ ከኮፈኑ ጎን የወጡ የሚያብረቀርቁ የጭስ ማውጫ ቱቦዎች። የድሮ አሜሪካ መኪና የሚወድ ሰው ዱዘንበርግ ሞዴል ጄን ከሩቅ ያውቀዋል። ስለ እሱ የሚወራው ግን ግማሹ ስህተት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው።)

«የጀርመን መኪና ነው»

ስሙ ነው ጉድ የሚሠራው። መኪናውን በስማቸው የሰየሙት ወንድማማቾች ፍሬድና ኦገስት ዱዘንበርግ ጀርመን ተወለዱ እንጂ ያደጉት አሜሪካ፣ አዮዋ ነው። ፋብሪካቸውም እዚያው አሜሪካ፣ ኢንዲያናፖሊስ ከተማ ነበር። በ1921 የፈረንሳይን ግራንድ ፕሪ የመኪና ውድድር ያሸነፈው መኪናቸው አሜሪካዊ ነው።

«መኪናው ሙሉ ሆኖ ከፋብሪካ ይወጣል»

ይሄኛው ትልቁ ስህተት ነው። ሞዴል ጄ በ1928 መጨረሻ ኒውዮርክ ላይ ሲቀርብ ዋጋው 8,500 ዶላር ነበር። ያውም ያለ ቦዲ! ያን ጊዜ ፎርድ ሞዴል ኤ በ500 ዶላር አካባቢ ይገኝ ነበር። ፋብሪካው የሚሸጠው ሻንሲውን (ሁሉ ነገር የሚያርፍበትን የብረት አጽም)፣ ሞተሩን፣ ኮፈኑንና ፓራፋንጎውን ነው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ጨርቅ ገዝቶ ልብስ ሰፊ ጋ እንደመሄድ ነው። ቦዲውን የሚሠራው ሌላ ድርጅት ነው።

ከሰፊዎቹ ሁሉ ስመ ጥሩ የካሊፎርኒያው መርፊ ነበር፤ ፓሳዴና ውስጥ። አንዳንዶቹ የመርፊ መኪኖች ላይ ሸራው ሲታጠፍ ከብረት ክዳን ሥር ይገባና ጭራሽ አይታይም። ጣሪያ የነበረው አይመስልም። ለእኔ ከሞተሩም በላይ የሚያስቀናው ይሄ ነው።

እና «ዱዘንበርግ እንዲህ ነው የሚመስለው» የሚባል ነገር የለም። ወደ 480 ገደማ ሞዴል ጄ ተሠርቷል፤ ቦዲው ግን እንደ ገዢው ምርጫ ይለያያል።

«ቱቦ ከወጣለት ሱፐርቻርጀር አለው»

የግድ አይደለም። ሱፐርቻርጀር ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር እየገፋ ጉልበቱን የሚጨምር መሣሪያ ነው። ተራው ጄ ቀጥ ብለው የተደረደሩ 8 ሲሊንደሮች አሉት፤ በእያንዳንዱ ሲሊንደር 4 ቫልቭ። ፋብሪካው 265 የፈረስ ጉልበት አለው ይል ነበር። በ1932 ሱፐርቻርጀር ያለው ኤስጄ መጣ፤ እሱ 320 ነው ተባለ። ወደ ውጭ የወጡት ቱቦዎች የታወቁት በኤስጄ ነው። ታዲያ መልካቸው ስላማረ የተራው ጄ ባለቤቶችም አስገጠሟቸው። ኤስጄ የተባሉት 36 ገደማ ብቻ ናቸው። ባለቱቦዎቹን ብትቆጥሩ ግን ከዚያ ይበልጣሉ።

«የ1935 ሞዴል ነው»

አብዛኞቹ ሻንሲዎች የተሠሩት ገና መጀመሪያ ላይ ነው። ኢኮኖሚው ሲወድቅ ገዢ ጠፋና ለዓመታት ቀስ እያሉ ተሸጡ። ስለዚህ የሚጠራው ዓመት ብዙ ጊዜ የተሸጠበት ነው። ድርጅቱ በ1937 ተዘጋ።

«ዱዚ የሚለው ቃል የመጣው ከዚህ መኪና ነው»

አሜሪካኖች እጅግ ልዩ የሆነን ነገር «ዱዚ» ይሉታል። ቃሉ ግን ወንድማማቾቹ መኪና መሸጥ ከመጀመራቸው በፊት ነበረ። መኪናው ታዋቂ ሲያደርገው ሰው የእሱ ልጅ አደረገው።

«ታድሷል ማለት ድሮ እንደነበረው ነው»

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። በ1940ዎቹ ያገለገለ ዱዘንበርግ በጥቂት መቶ ዶላር ይገኝ ነበር። ያኔ ማን ስለ ታሪክ ይጨነቃል? ሞተሩ ከአንዱ፣ ቦዲው ከሌላው ይገጠማል። በኋላ ዋጋው ሲሰቀል ጣሪያው የሚታጠፈው በጣም ተፈላጊ ሆነ። ዝግ ቦዲ የነበራቸው ሳይቀሩ ቦዲያቸው ወልቆ ክፍት ተገጠመላቸው። አንዳንዱ ክፍት ቦዲ ጭራሽ በቅርብ የተሠራ ነው። ሻንሲው እውነተኛ፣ ልብሱ አዲስ።

ከላሜራው ሥር ደግሞ እንጨት አለ። ያ እንጨት እርጥበት ሲገባው ይበሰብሳል። ስለዚህ እድሳቱ የባትላሜራ ብቻ ሳይሆን የአናጺም ሥራ ነው። ቀለሙም ቢሆን፣ ዛሬ በኤግዚቢሽን የምናየው እንደ መስታወት ፊት የሚያሳይ አንጸባራቂነት ያኔ አልነበረም። ካሊፎርኒያ፣ ፔብል ቢች ላይ በሚካሄደው ዝነኛ የድሮ መኪኖች የውበት ውድድር ሳይታደሱ ለቆዩ መኪኖች የተለየ ምድብ አለ። የተሰነጠቀ ቆዳ ወንበር እዚያ አያሳፍርም።

የሚያውቁት ሰዎች ታዲያ መጀመሪያ ቀለሙን አያዩም። ኮፈኑን ከፍተው በጄ የሚጀምረውን የሞተር ቁጥር ይፈልጋሉ። ቀጥሎ የሻንሲውን። ከዚያ ይሄ ቦዲ እዚህ ሻንሲ ላይ የተቀመጠው መቼ ነው ብለው ይጠይቃሉ።