የውሃ ሊሊ በጀማሪ አኳሪየም፦ በደሴና በኮምቦልቻ

የውሃ ሊሊ ሥሩን በአሸዋ ወይም በጭቃ ውስጥ ሰድዶ ቅጠሉን ከውሃው በታች ወይም በውሃው ገጽ ላይ የሚዘረጋ፣ ኒምፊያ በሚባለው ወገን የሚመደብ ተክል ነው። በግቢ የሚተከለው ሊሊና በየሳሎኑ በማሰሮ የሚያድገው ፒስ ሊሊ በስም ቢጋሩትም ዘመዶቹ አይደሉም፤ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ከተዘፈቁ ውለው አድረው ይበሰብሳሉ። በመስታወት የዓሣ ገንዳ ውስጥ በብዛት የሚያዙት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። አንደኛው ቅጠሉ ላይ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ያለበት፣ ነብር ሎተስ በመባል የሚታወቀው ኒምፊያ ሎተስ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ውሃዎችም የሚበቅል አፍሪካዊ ተክል ነው። ሁለተኛው ከእስያ የመጣው ድንክ ቀይ ሊሊ ነው። ነብር ሎተስ ሲያድግ ስፋቱ ከግማሽ ሜትር ሊያልፍ ስለሚችል ከ100 ሊትር ያላነሰ ገንዳ ይፈልጋል። 60 በ30 በ30 ሴንቲ ሜትር ለሆነውና 54 ሊትር ለሚይዘው የጀማሪ ገንዳ የሚስማማው ድንኩ ነው።

ሊሊን ለጀማሪ ተመራጭ የሚያደርገው ኮረቱ ነው። ኮረት እንደ ድንች ስንቁን በውስጡ የቋጠረ እብጥ ሥር ሲሆን፣ ባለቤቱ በብርሃን፣ በማዳበሪያ ወይም በውሃ ለውጥ ቢሳሳት እንኳ ተክሉ ቅጠሉን ጥሎ ከስንቁ እየበላ እንደገና ያቆጠቁጣል። ብዙዎቹ ሌሎች የውሃ ተክሎች ይህን ያህል ምሕረት የላቸውም።

ኮረት የማያካክሰው ነገር ቢኖር ቅዝቃዜ ነው። ሁለቱ ከተሞች የሚለያዩትም በዚሁ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ በጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ደጋ ስትሆን፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርደው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚያገኟት ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ሊሊ ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውሃ ውስጥ ያድጋል። ኮምቦልቻ ላይ በሞቃቱ ወራት ገንዳው ያለ ማሞቂያም ወደዚህ ሙቀት ሊጠጋ ይችላል፤ ደሴ ላይ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ያለ ማሞቂያ ማሰብ አይገባም። ለአንድ ሊትር አንድ ዋት የሚለው የተለመደ ቀመርም የተሠራው ለሞቀ ቤት ነው። ማታ ማታ ወደ 14 ዲግሪ በሚወርድ ክፍል ውስጥ ያለ የ54 ሊትር ገንዳ 100 ዋት ማሞቂያ ቢኖረው ይሻላል። ከላይ የመስታወት ክዳን ማድረግም ሙቀት በትነት እንዳያመልጥ ይረዳል። መብራት ሲጠፋ ገንዳውን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ መጠቅለል ውሃው ለብዙ ሰዓታት ሙቀቱን እንዲይዝ ያደርጋል፤ ለጥቂት ሰዓት የብርሃን ማጣት ሊሊውን አይጎዳውም። ሳምንታዊው የውሃ ለውጥም በዚሁ መንፈስ መታየት አለበት። ከገንዳው ሩቡን ቀድቶ በቀጥታ ከቧንቧ በወረደ ቀዝቃዛ ውሃ መተካት ዓሣውንም ተክሉንም ያስደነግጣል፤ የክሎሪን ማርከሻ የተጨመረበትን ውሃ በፈላ ውሃ አለዝቦ፣ በቴርሞሜትር ለክቶ መጨመር ይገባል።

ኮረት ሲገዛ በጣት መጫን ያስፈልጋል። ጤነኛው እንደ ጥሬ ድንች ጠንካራ ነው፤ ሲጫኑት የሚሰረጉድና ክፉ ሽታ ያለው ውስጡ በስብሷል፤ ገንዳ ውስጥ ከገባም ውሃውን ይበክላል። ጤነኛው ኮረት መጀመሪያ ሊንሳፈፍ ይችላል፤ ውሃ ጠግቦ እስኪሰጥም ጥቂት ቀን መታገሥ ነው። ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት እንደ ሽንኩርት አልብሰው ሲቀብሩት ነው። የታችኛው ግማሽ ብቻ አሸዋ ውስጥ ገብቶ፣ ቡቃያው የሚወጣበት ጫፍ ከአሸዋው በላይ መታየት አለበት። ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ከጫፉ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ቀላ ያለ ዘንግ ይወጣል፤ በራሱም ላይ የፍላጻ ቅርጽ ያላት ጥፍር የምታክል ቅጠል ትዘረጋለች። በዚህ ጊዜ ኮረቱን ነቅሎ ማየት፣ ቦታ መቀየር ወይም ማዳበሪያ ማብዛት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

የወንዝ አሸዋ በሚገባ ታጥቦ ሊያገለግል ይችላል፤ አስቀድሞ ግን ጥቂት ኮምጣጤ ማንጠብጠብ ይገባል፤ ከተንፈቀፈቀ ኖራማ ድንጋይ አለበትና ውሃውን ያጠነክራል፣ ማለትም ኖራ ያበዛበታል። አሸዋ ራሱ ምግብ የለውም፣ ሊሊ ደግሞ በብዛት የሚመገበው በሥሩ ነው፤ ስለዚህ ቅጠሉ አምስት ስድስት ሲሞላ ለሥር ተብሎ የሚሠራውን የማዳበሪያ ክኒን ከሥሩ አጠገብ መቅበር፣ በየሁለት ወይም በየሦስት ወሩም መድገም ይበቃል። መብራቱን በቀን ለ6 ወይም ለ8 ሰዓት ያህል ማብራት በቂ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ መስታወቱን አልጌ ይወርሰዋል።

ትልቁ ሥራ መግረዝ ነው። ተክሉ ሲጠነክር ከውሃ በታች ከሚቀሩት ሞገድማ ቅጠሎች የተለየ፣ ወፈር ባለ ዘንግ ላይ ተጠቅልሎ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚምዘገዘግ ቅጠል ያወጣል። ይህ ቅጠል በአንድ ቀን ብዙ ሴንቲ ሜትር ሊያድግ ስለሚችል፣ ዛሬ መሐል ላይ የታየው ነገ የውሃው ገጽ ላይ ተዘርግቶ ይገኛል። ተክሉ ከታች ሰፍቶ እንዲቀር የሚፈልግ ሰው እንዲህ ያለውን ቅጠል ገና ተጠቅልሎ ሳለ ከሥር፣ ከኮረቱ አጠገብ፣ በመቀስ መቁረጥ አለበት፤ መሐሉ ላይ ከተቆረጠ የቀረው ዘንግ ይበሰብሳል።

በደሴ መግረዝ ከውበት ያለፈ ምክንያት አለው። በ2,500 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ በመሆኑ፣ እኩል ሙቀት ያለው ውሃ የሚይዘውም ኦክስጅን በዚያው መጠን ያንሳል። ተክሉ በብርሃን ኦክስጅን ቢሰጥም ሌሊት እንደ ዓሣው ሁሉ እሱም ይወስዳል፤ ቅጠሎቹ ገጹን ከሸፈኑት ደግሞ ውሃው ከአየር የሚያገኘው ይቀንሳል። ዓሣዎች ጎሕ ሲቀድ ከላይ ተሰብስበው አፋቸውን ሲከፍቱ ከታዩ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ከገጹ ቢያንስ ግማሹን ክፍት መተው፣ የዓሣውን ቁጥር መቀነስና ሌሊት የአየር ፓምፕ ማሠራት ለደጋ ሰው ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ። ቅዝቃዜ ስለሚችል በደሴ የሚመረጠው ጎልድፊሽ ለሊሊ አይሆንም፤ ለጋውን ቅጠል ይበላዋል፣ አሸዋውንም እየቆፈረ ኮረቱን ያነቃንቃል። ጉፒና ኒዮን ቴትራ የሚባሉት ትናንሽ ዓሣዎች ግን ቅጠሉን አይነኩም።

አበባ የሚፈልግ አራት አምስት ቅጠል ከላይ እንዲቀር መተው አለበት። የነብር ሎተስ ነጭ አበባ ሲመሽ ተከፍቶ በማግስቱ ረፋድ ላይ የሚዘጋ ሲሆን ይህንኑ ለሦስት ወይም ለአራት ሌሊት ይደግማል።

አንዳንድ ጊዜ ተክሉ ያለ በሽታ ቅጠሉ እያነሰ ሄዶ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። ኮረቱ ሲጫኑት ጠንካራ ከሆነ ዐርፏል እንጂ አልሞተም፤ ባለበት ከተተወ ከሳምንታት በኋላ ያቆጠቁጣል። ከኩሬና ከወንዝ ሊሊ ነቅሎ ማምጣት ግን አይመከርም፤ ከእሱ ጋር አልቅትና ቀንድ አውጣ ይመጣሉ፣ አንዳንዱ የቀንድ አውጣ ዝርያም የብልሃርዚያን ትል ያስተላልፋል። የተሻለው መንገድ ካለው ሰው መውሰድ ነው፤ ከኮረቱ የወጣች ቡቃያ አራት ያህል ቅጠልና የራሷን ሥር ስታወጣ በጥንቃቄ ተገንጥላ ለብቻዋ ትተከላለች፣ ኮረቱም ሌላ ያወጣል። ቡቃያዋ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልላ፣ በላስቲክ ተቋጥራ ከደሴ ኮምቦልቻ ብትወርድ መንገዱ አይጎዳትም። በአዲሱ ውሃ በመጀመሪያው ሳምንት የድሮ ቅጠሎቿ ሟሙተው ቢረግፉ መንቀል አያስፈልግም፤ ለአዲሱ ገንዳ የሚስማሙት ቅጠሎች ከመሐል የሚወጡት ናቸው።