ለልጅ የሚሠራ ትንሽ ቦክስ ጊታር፦ ልኩ፣ ታሪኩና አሠራሩ

ለልጅ የሚሠራ ትንሽ ቦክስ ጊታር ከአራት እስከ ስምንት ዓመት ባለው ልጅ ክንድና መዳፍ ልክ በእጅ የሚሠራ፣ ስድስት አውታር ያለው የሙዚቃ መሣሪያ ነው። በገበያ ከሚሸጠው መጫወቻ የሚለየው ቅኝቱ ትክክል በመሆኑ ነው። በመጫወቻው ላይ ፍሬቶቹ፣ ማለትም በአንገቱ ላይ በአግድም የተሰኩት ቀጫጭን የብረት ዘንጎች፣ በግምት የተሰኩ ከሆነ፣ ልጁ በሚገባው ቦታ ቢጫንም እንኳ የተዛባ ድምፅ ይሰማል። ጆሮው ገና በሚቀረጽበት ዕድሜ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ቀጥሎ የቀረበው ከሁሉ በፊት እንጨት ሥራ ለሚያውቁ፣ ጊታር ግን ሠርተው ለማያውቁ ሰዎች የሚሆን ነው።

ልኩ

ሁሉም ነገር የሚነሣው ከአውታሩ ርዝመት ነው። ይህም በአንገቱ ጫፍ ካለው ማስደገፊያ እስከ በርኩማው ድረስ የሚንቀጠቀጠው ክፍል ነው። በርኩማ በበገና ላይ አውታሮቹ የሚያርፉበት እንጨት ስም ሲሆን፣ ለጊታሩም ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም። የሙሉ ክላሲካል ጊታር ልክ አብዛኛውን ጊዜ 650 ሚሊ ሜትር ነው። ከልጆቹ ጊታሮች «ሩብ» የሚባለው ወደ 480፣ «ግማሽ» የሚባለው ወደ 530፣ «ሦስት አራተኛ» የሚባለው ደግሞ ወደ 580 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ስሞቹ አሳሳች ናቸው፤ የ650 እውነተኛ ሦስት አራተኛ 487 ሚሊ ሜትር ገደማ ነውና፣ ሩብ ወደሚባለው ይቀርባል። በሠሪዎችም መካከል የጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት አለ።

በትልቁ ጊታር ከማስደገፊያው እስከ አራተኛው ፍሬት ያለው ርቀት 134 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በ480ው ግን 99 ብቻ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ መዳፍ ለመጀመሪያው የሚበቃ አይደለም፤ ሁለተኛውን ግን በልምምድ ይደርስበታል። ትልቅ ጊታር ጭኑ ላይ ያስቀመጡለት ልጅ ትከሻው ወደ ላይ ተሰቅሎ፣ አንጓው ተጣምሞ ሲቸገር ያየ ሰው የዚህን ልዩነት ትርጉም ለመረዳት ማስረጃ አይፈልግም።

አውታሩ ሲያጥር ግን ሌላ ችግር ይመጣል። አንድን አውታር በዚያው ድምፅ ለመቃኘት የሚያስፈልገው ውጥረት ከርዝመቱ ስኩዌር ጋር አብሮ ይወርዳል። የትልቁ ጊታር አውታሮች በ480ው ላይ በመደበኛው ቅኝት ቢታሰሩ ውጥረታቸው 55 ከመቶ ገደማ ብቻ ይሆናል። አውታሩ ይላላል፣ ፍሬት ላይ ይንጫጫል፣ ድምፁም ይሞታል። መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱ ወፈር ያለ አውታር ማሰር ነው። ሌላው አምስት ፍሬት ያህል ከፍ አድርጎ መቃኘት ነው፤ ያን ጊዜ የትልቁ ጊታር አውታር በ487 ሚሊ ሜትር ላይ የተለመደ ውጥረቱን ይይዛል። ሁለተኛው ይሻላል። የጊታሩ ሆድ ትንሽ ስለሆነ ወፍራም ድምፆችን በደንብ አያወጣም፤ ከፍ ያለው ቅኝት ግን ለልጅ ድምፅም ይስማማል።

የፍሬቶቹ ቦታ በስሌት ይገኛል። የአውታሩ ርዝመት ለ17.817 ሲካፈል የመጀመሪያው ፍሬት ርቀት ይወጣል፤ ለ480ው 26.9 ሚሊ ሜትር ነው። የቀረው ርዝመት እንደገና በዚያው ቁጥር እየተካፈለ ይቀጥላል። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት በትክክል መካከሉ ላይ፣ ማለትም 240 ላይ ካላረፈ ስሌቱ የሆነ ቦታ ተሳስቷል። የጋሊሊዮ አባት ቪንቼንዞ ጋሊሊ እ.ኤ.አ. በ1581 ባሳተመው ሥራ ለዚሁ 18ን ተጠቅሟል፤ የእጅ ባለሙያዎችም ለረጅም ዘመን በዚያ ቁጥር ሠርተዋል።

ታሪኩ

ትንሽ ጊታር የተጀመረው ለልጅ ብቻ ተብሎ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በቪየና ሦስት ፍሬት ያህል ከፍ ብሎ የሚቃኝ «ቴርዝ» የሚባል ጊታር ነበር። ጣሊያናዊው ጊታሪስት ማውሮ ጁሊያኒ ኦፐስ 70 (የሥራ ቁጥር 70) የሆነውን ኮንሰርቶ፣ ማለትም ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወት ድርሰት፣ የጻፈው ለዚህ መሣሪያ ነው።

በዚያው ዘመን በጀርመኗ ሳክሶኒ፣ ማርክኖይኪርሸን በምትባል የመሣሪያ ሠሪዎች ከተማ፣ ለአናጢዎች ታላቅ ትርጉም ያለው ክርክር ተነሣ። የቫዮሊን ሠሪዎች ማኅበር ጊታር መሥራት የእኛ ብቻ መብት ነው ሲል ለባለሥልጣናት አቤት አለ፤ የቤት ዕቃ አናጢዎች ወንበርና ቁም ሣጥን የሚሠሩ ስለሆኑ በሙዚቃ መሣሪያ እጃቸውን እንዳያስገቡ ጠየቀ። አናጢዎቹም ጊታር ወደ አገሩ የገባ አዲስ መሣሪያ እንደሆነ፣ የቫዮሊን ሠሪዎቹ ደንብ ሲጻፍ እንዳልነበረ፣ ስለዚህም ማንም ብቻውን ሊይዘው እንደማይገባ ተከራከሩ። አቤቱታው እ.ኤ.አ. በ1826 እና በ1832 የቀረበ ሲሆን፣ በመጨረሻ አናጢዎቹ ሥራቸውን የመቀጠል መብት አገኙ። በቂ ምክንያት ነበራቸው። ቀጭን ጣውላ መላግ፣ ማጉበጥና ማጣበቅ የእነርሱ የዕለት ተዕለት ሥራ ነበር።

ከእነዚህ አናጢዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1796 የተወለደው ክርስቲያን ፍሬድሪክ ማርቲን ነው። በቪየናው ጊታር ሠሪ ዮሐን ጌኦርግ ሽታውፈር ዘንድ ሠልጥኗል፤ በዚያ የሠራተኞች አለቃ እስከ መሆን ደርሷል የሚባለው ግን በቤተሰቡ ሲወራረስ የመጣ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1833 ወደ ኒው ዮርክ ተሰደደ፤ በኋላም በፔንሲልቬኒያዋ ናዝሬት ተቀመጠ። በስሙ የሚጠራው ፋብሪካ እስከ ዛሬ እዚያው አለ። ማርቲን ለጊታሮቹ የሰጠው ቁጥር ሲጨምር ልኩ ያንሳል፤ ቁጥር 5 ከትንንሾቹ አንዱ ሲሆን የአውታሩ ርዝመት ወደ 543 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ይህ ልክ በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም። 650 ለሦስት ፍሬት ከፍታ ሲሰላ 547 ይሆናልና፣ የቪየናው ቴርዝ ወደ አሜሪካ የተሻገረ ልክ መሆኑን ያሳያል። ከዚያ በኋላ ለልጆችም ለመንገደኞችም አገልግሏል።

የዘመናዊው ክላሲካል ጊታር አባት የሚባለው፣ በስፔን የአልሜሪያው አንቶኒዮ ዴ ቶሬስም (1817–1892) ሥራውን የጀመረው በአናጢነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1862 ጎኑና ጀርባው ከተጣበቀ ወረቀት የሆነ ጊታር ሠራ፤ ፊቱ ግን ስፕሩስ የተባለ ጥሩ የቀዝቃዛ አገር ለስላሳ እንጨት ነበር። ዋናውን ድምፅ የሚሰጠው የፊቱ ጣውላ መሆኑን በዚያ አሳየ። ለትንሽ ጊታር ሠሪ ይህ የምሥራች ነው፤ ለፊቱ እንጨት ይጨነቅ፣ ለጀርባው በእጁ ያለውን ይጠቀም።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1879 ራቨንስክራግ በተባለች መርከብ ከፖርቱጋሏ ማዴራ ደሴት ሃዋይ ከደረሱት መካከል ማኑኤል ኑኔስ፣ አውጉስቶ ዲያስና ጆዜ ዶ ኤስፒሪቶ ሳንቶ የተባሉ አናጢዎች ነበሩ። የአገራቸውን ማሼቴ የምትባል ትንሽ ባለ አራት አውታር መሣሪያ ኮዋ ከተባለው የሃዋይ ዛፍ ሠሩ፤ ከዚያም ዩኩሌሌ ተገኘች። «ዘላይ ቁንጫ» የሚለው የስሟ ትርጓሜ ከየት እንደመጣ የተለያየ ነገር ይነገራል። 20ኛው ክፍለ ዘመን የፋብሪካ የልጆች ጊታርን አበዛ።

በኢትዮጵያ በክራር የሚጀምር ልጅ አለ። በቅኝት ተቃኝቶ ለተሰጠው ልጅ እያንዳንዱ አውታር የራሱን ድምፅ ስለሚሰጥ ፍሬት ላይ መጫን አያስፈልገውም፤ በዚህ ረገድ ክራራችን ከጊታር ይልቅ ለልጅ እጅ የሚራራ መሣሪያ ነው።

አሠራሩ

ለፊት የሚሆነው ጣውላ ቀለል ያለና ቃጫው ቀጥ ያለ ለስላሳ እንጨት መሆን አለበት። ሲቆረጥም የዓመት ቀለበቶቹ ለገጹ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ ይደረጋል። የተሰበረ ፒያኖ ያገኘ ሰው የድምፅ ሰሌዳው ስፕሩስ መሆኑን ይወቅ፤ ለአስርት ዓመታት የደረቀ፣ ለትንሽ ጊታር ከበቂ በላይ የሆነ እንጨት ነው። ለጎንና ለጀርባ ዋንዛ ወይም ግራቪሊያ ይሆናል። ዋንዛ የተመናመነ አገር በቀል ዛፍ ስለሆነ ከአሮጌ ቁም ሣጥንና በር የወጣውን መጠቀም ይመረጣል፤ ይህኛው በደንብ የደረቀም ነው። ኮምፔንሳቶ ለጀርባ ያገለግላል፤ ለፊት ግን አይመከርም።

ፊቱ በመላጊያ ተልጎ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። እዚህ ላይ አናጢ የሚፈተነው በራሱ ልማድ ነው። ሥራው ጠንካራ እንዲሆን የለመደ እጅ ፊቱን ወፍራም ያደርገዋል፤ የሙሉ ጊታር ናይለን አውታሮች በድምሩ 40 ኪሎ ግራም ገደማ ሲስቡ፣ ትንሹ ጊታር በላላ ውጥረት ከታሰረ የሚሸከመው ከዚያ ያነሰ ነው። ወፍራም ፊት በልጅ ጣት አይንቀጠቀጥም። ከሥር እንደ ማራገቢያ ተዘርግተው የሚጣበቁት ደጋፊ ዘንጎች ሦስት ወይም አምስት ቢሆኑ ይበቃሉ። ጣውላውን በሁለት ጣት አንጠልጥሎ በአንጓ መታ ማድረግ፣ ድምፁም ደረቅ ማንኳኳት ከመሆን አልፎ ማስተጋባት ሲጀምር መላጉን ማቆም ነው።

ጎኖቹ እስከ 1.8 ሚሊ ሜትር ቀጥነው ይረጥባሉ፤ ከዚያም በጋለ የብረት ቧንቧ ላይ ቀስ በቀስ ይጎብጣሉ። ቧንቧው ላይ የተረጨ ውኃ ወዲያው ካልተነነ ሙቀቱ ገና ነው። ፊቱንና ጀርባውን የማጣበቁ ሥራ በሐምሌና በነሐሴ ባይሆን ይሻላል። እንጨት የክረምቱን እርጥበት ይጠጣል፤ በዚያ ወቅት የተጣበቀው በጥር ሲደርቅና ሲኮማተር ይሰነጠቃል። የበጋ ማጣበቅ ከዚህ ያድናል።

አንገቱ ከማስደገፊያው አጠገብ 43 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል። በአሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ አውታሮቹ ከፍሬቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ቢሉ የልጁ ጣት አይጎዳም። ብረት አውታር ለዚህ ዕድሜ ፈጽሞ አይሆንም። ናይለን ወደ ጊታር የገባው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ሲሆን፣ ምክንያቱም የአንጀት ጅማት ለቀዶ ሕክምና ስፌት ተፈልጎ መጥፋቱ ነው፤ የኒው ዮርኩ መሣሪያ ሠሪ አልበርት አውግስቲን ከስፔናዊው ጊታሪስት አንድሬስ ሴጎቪያ ጋር ሆኖ አሻሻለው። በእኛ አገር የበገና ሠሪዎች የበግ አንጀት ጅማትን እስከ ዛሬ አልተዉትም።

ለገጹ በአልኮል የሟሟ ሼላክ የተባለ ሙጫ በጨርቅ በስሱ እየተቀባ ይደርባል፤ ወፍራም ቫርኒሽ ድምፁን ያፍናል። የፍሬቶቹ ጫፍ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት መክበብ አለበት፤ በበጋ አንገቱ ሲኮማተር ጫፎቹ ወጣ ብለው መዳፍ ይቧጭራሉና ከዓመት በኋላ እንደገና ይታያሉ። መገጣጠሚያዎቹ በኮላ ፋንታ ከቆዳ በሚፈላ ሙጫ ቢጣበቁ፣ ከጊዜ በኋላ በሙቀትና በእርጥበት ሳይሰበሩ ይከፈታሉ። ልጁ ስምንት ዓመት ሲሆነው ወደ 530ው ሲሸጋገር፣ ትንሹ ጊታር ለታናሹ ከመሰጠቱ በፊት ጀርባው ተነሥቶ የላላ ዘንግ ካለ ይጣበቃል፣ አዲስ አውታርም ይታሰርለታል።