«ፕሬስተር»፦ የአንድ አፈ ታሪካዊ ንጉሥ መጠሪያ

ፕሬስተር ጆን፣ በአማርኛ ቄሱ ዮሐንስ፣ በመካከለኛው ዘመን የነበሩ አውሮፓውያን ከሙስሊሞች ግዛት ማዶ ይኖራል ብለው ያምኑበት የነበረ ካህንም ንጉሥም የሆነ ክርስቲያን ገዥ ነው። «ፕሬስተር» የተጸውዖ ስም አይደለም። «ሽማግሌ» ማለት ከሆነው ከግሪኩ ፕሬስቢቴሮስ ተነሥቶ፣ በላቲን አልፎ፣ በጥንታዊው ፈረንሳይኛ ፕሬስትር ሲደርስ ፍቺው «ቄስ» ሆኗል። የግእዙ «ቀሲስ»ም ይህንኑ መንገድ የተከተለ ቃል ነው፤ ምንጩ የሶርያው ቃሺሻ ሲሆን፣ እሱም በመጀመሪያ ትርጉሙ ሽማግሌ ማለት ነው።

ስለዚህ ንጉሥ በጽሑፍ የምናገኘው ቀደምት ወሬ በጀርመን የፍራይዚንግ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው ኦቶ እ.ኤ.አ. በ1145 ሰማሁት ያለው ሲሆን፣ አገሩን ከፋርስና ከአርመን ባሻገር ያደርገዋል። በ1165 ገደማ ደግሞ ንጉሡ ራሱ ለቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ለማኑኤል ጻፈው የተባለ የፈጠራ ደብዳቤ ተሰራጨ። ይህን ያህል ገናና ንጉሥ ስለ ምን በቄስነት ብቻ እንደሚጠራ ደብዳቤው ያብራራል፦ በቤተ መንግሥቱ የወይን ጠጅ አሳላፊው ንጉሥና ሊቀ ጳጳስ፣ የወጥ ቤት አዛዡም ንጉሥና አበምኔት ስለሆኑ፣ እሱ በትሕትና አነስተኛውን መዓርግ መረጠ። ቃሉ በዚያ ዘመን እንዴት ይሰማ እንደነበረ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

እስያ ውስጥ የተፈለገው ንጉሥ ሲታጣ፣ ከ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ስሙ ወደ ኢትዮጵያ ነገሥታት ዞረ። በ1520 ወደ አፄ ልብነ ድንግል የመጣው የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም በ1540 የታተመውን መጽሐፉን ስለ «ቄሱ ዮሐንስ ምድር» ብሎ ሰይሞታል፤ የአፄ ልብነ ድንግል የንግሥና ስም ግን ዳዊት ነበር፤ አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊም የነገሡት በ1667 ነው።

አንዳንዶች ዮሐንስ የሚለውን ስም፣ ዛሬ በ«ጃንሆይ» እና በ«ጃን ሜዳ» ከምናገኘው የነገሥታት መጠሪያ «ጃን» ያወጡታል። ይሁን እንጂ አፈ ታሪኩ ገና እስያን ሲያመለክት ዮሐንስ የሚለው ስም አብሮት ስለነበረ፣ ጃን ምንጩ ሊሆን አይችልም፤ የድምፅ መመሳሰሉ ስሙ በኢትዮጵያ ላይ እንዲጸና ረድቶ ሊሆን ይችላል። የልብነ ድንግል መልእክተኛ ሆነው ፖርቱጋል የሄዱት ጸጋ ዘአብም ጉዳዩን ዝም ብለው አላለፉትም፤ አውሮፓውያኑ «ቄስ» የሚሉት በስሕተት መሆኑንና ትክክለኛው ቃል «ክቡር» ወይም «ውድ» እንደሆነ ለፖርቱጋላዊው ጸሐፊ ለዳሚያኖ ደ ጎይስ ገልጸውለታል።