«ብሩ ይምጣና እንቀይራለን»፦ ስለ መብራት ቁጠባ በየሼዱ የሚወራው እና እውነታው

ሥራዬ ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ሲሰፋም እስከ ገላንና ኮዬ ፈጬ ባሉ ወፍጮ ቤቶች፣ እንጨት ቤቶች፣ ብረታ ብረት ቤቶችና እንጀራ መጋገሪያዎች መስመር መዘርጋትና የተቃጠለ ሞተር መፍታት ነው። ሥራው አይሰለቸኝም፤ የሚሰለቸኝ ወሬው ነው። ስለ መብራት ሲወራ ሁሉም ሰው መሐንዲስ ነው፤ ቢሉ ሲከብድ ብቻ ነው እኔ የምጠራው።

ዋናው ወሬ ከተማው ቆጣቢ ዕቃ ለሚገዛ ነጋዴ ብር ሊሰጥ ነው የሚለው ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ትንንሾቹን ወሬዎች ቶሎ ልጨርሳቸው።

«ግድቡ አልቋል፤ ከእንግዲህ ማን ይቆጥባል?» የህዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። እሰየው። የሰፈራችሁ ትራንስፎርመር ግን ያው የድሮው ነው፤ ቢሉም የሚመጣው በእናንተ ስም ነው።

«ኤልኢዲ ሁሉ አንድ ነው።» አይደለም። የሚበላው ዋትና የሚሰጠው ብርሃን ካርቶኑ ላይ ያልተጻፈበትን አትግዙ።

«ሞተር ከተጠመጠመ እንደ አዲስ ነው።» ጠምጣሚው የሽቦውን ውፍረትና የዙሩን ብዛት ከጠበቀ፣ አሮጌውን ሽቦ ሲያወጣም ብረቱን በእሳት ካላበላሸው ለአዲሱ ይቀርባል። ቀጭን ሽቦ ካስገባላችሁ ግን ሞተሩ መዞሩን ይዞራል፤ ይግላል፤ ጥምጠማው ላይ ያተረፋችሁትን በየወሩ ቢል ላይ ትመልሱታላችሁ።

«የምጣዱን ሽቦ አሳጥረን ስናስረው ይፈጥናል።» ልክ ነው፣ ይፈጥናል። ሽቦ ባጠረ ቁጥር ብዙ ኃይል ይስባል። ከአሥር እጅ አንዱን ቆርጣችሁ ብትጥሉ 3.5 ኪሎዋት የነበረው ምጣድ ወደ 3.9 ይጠጋል። ሶኬቱና ገመዱ ግን የተገዙት ለድሮው ምጣድ ነው። እንዲህ እየቀለጠ የተጠራሁበትን ሶኬት ሁሉ ባስቀምጥ ኖሮ ሱቅ እከፍትበት ነበር።

«ኃይል ሲወርድ ቆጣሪው ይፈጥናል።» ዳር ሰፈር ስለሆንን ይህ በየምሽቱ ይነሳል። ቆጣሪው አይፈጥንም። 220 ቮልት የነበረው 180 ሲሆን ምጣዱ የሚያገኘው ኃይል ወደ ሁለት ሦስተኛው ይወርዳል። እንጀራው ይዘገያል፣ ምጣዱ ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰዓት ሙቀቱን ለክፍሉ ሲሰጥ ይቆያል፤ ስለዚህ አንዱ እንጀራ የሚፈጀው ይጨምራል። ሞተር ላይ ነገሩ ይብሳል፦ ሸክሙ አልቀነሰም፣ ስለዚህ የጎደለውን ቮልቴጅ በከረንት ሊያካክስ ይሞክራል፣ ይግላል፣ ይቃጠላል። ምሽት ላይ ምጣዱም ወፍጮውም በሚደራረብበት ሰዓት ከመሥራት ንጋት ላይ መጋገር ይሻላል። ነጋዴዎቹ እናቶች ይህንን ከእኔ በፊት ነው ያወቁት።

ሶኬት ላይ የሚሰካው «ቆጣቢ ሣጥን» ለብቻው ይነሣ። መርካቶም ቴሌግራም ላይም ይሸጣል፤ አረንጓዴ መብራት አለው፤ «ቢል በግማሽ ይቀንሳል» ይላል። ፈትቼ አይቼዋለሁ፦ ትንሽ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለቅጽበት ይዞ የሚለቅ ዕቃ) እና ያቺ አረንጓዴ መብራት ነው። ካፓሲተር ሞተር ባለበት መስመር ላይ በከንቱ የሚመላለሰውን ከረንት ይቀንሳል፤ የመኖሪያ ቤትና የትንሽ ሱቅ ቆጣሪ ግን የሚቆጥረው እውነተኛውን ኪሎዋት ሰዓት ስለሆነ ከረንቱ መቀነሱን ከነመኖሩም አያውቀውም። በኢንዱስትሪ ታሪፍ የምትከፍሉ፣ ቢላችሁ ላይ ለፓወር ፋክተር (ከምትስቡት ስንቱ ለእውነተኛ ሥራ እንደሚውል የሚያሳየው ልኬት) የሚቆረጥባችሁ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ በሞተራችሁ ልክ ተሰልቶ የተገጠመ የካፓሲተር ባንክ ይክሳል። እንጀራ መጋገሪያ ውስጥ ግን ምጣድ ከረንት አያመላልስም። አንዲት እትዬ ከአንድም ሦስት ሣጥን ሰክተው አገኘኋቸው። «አንዱ ካልሠራ ብዬ ነው» አሉኝ። ነቅዬ ሰጠኋቸው፤ ደስ አላላቸውም።

«ሞተር ማጥፋትና ማስነሳት ነው የሚበላው፤ ይዙር ተወው።» ይህ ወፍጮ ቤት ሁሉ ውስጥ ያለ ሃይማኖት ነው። መነሻው እውነት ነው፦ ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት እጥፍ ከረንት ይስባል። ግን ለስንት ጊዜ? ለጥቂት ሰከንድ። አምስት ሰከንድ ስድስት እጥፍ ቢስብ፣ ኪሳራውን አብዝተን እንኳ ብናስበው፣ ሞተሩ ግማሽ ደቂቃ በሙሉ ሸክም ከሠራበት አይበልጥም። ቀጣዩ ደንበኛ እህሉን እስኪያስመዝንና ዋጋ እስኪከራከር ወፍጮው ባዶውን የሚዞርበትን ጊዜ ከዚህ ጋር አስተያዩት። ባዶውን ሲዞር 3 ኪሎዋት የሚበላ ወፍጮ በቀን 2 ሰዓት እንዲህ ቢውል፣ በ26 የሥራ ቀን 156 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ሃያ ባለ 36 ዋት ሸንበቆ መብራት ከነባላስቱ (እሱም የራሱን ዋት ይበላል) አውጥታችሁ 18 ዋት ኤልኢዲ ብትተኩ፣ በቀን አሥር ሰዓት እያበራችሁ በዚሁ ወር የምታድኑት ወደ 140 ነው። አንዱ ብር ይጠይቃል፣ ሌላው ጣት። (በየሁለት ደቂቃው አጥፍታችሁ አስነሱ አላልኩም፤ ያ ጥቅልሉን ያግለዋል። ሩብ ሰዓት ሥራ ከሌለ አጥፉት ነው ያልኩት።)

አሁን ወደ ዋናው። «ከተማው ቆጣቢ ዕቃ ለሚገዛ ነጋዴ ብር ሊሰጥ ነው አሉ፤ እስኪሰጥ እንጠብቅ።»

ይህን ወሬ ያመጣው ስልክ ነው። አሜሪካ ያለ ዘመድ የሱቁን አምፖልና ማቀዝቀዣ ቀይሮ ከተማው ገንዘብ እንደመለሰለት የሚያወራበት ቪዲዮ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሰውየው አልዋሸም። እዚህ ሲደርስ ግን «እዚያ ይሰጣሉ» የነበረው «እዚህም ሊሰጡ ነው» ሆነ፤ ውሎ ሳያድር «ወረዳ ሄዳችሁ ተመዝገቡ ተብሏል» ተባለ። አንድ የእንጨት ሥራ ደንበኛዬ የአቧራ መሳቢያው ሞተር ኩሽኔታ አልቆ ከመንገድ ማዶ ይሰማ ነበር። ኩሽኔታ ቀይርለት ስለው «ማበረታቻው ሲመጣ ሞተሩን በአዲስ እተካዋለሁ» አለኝ። ሞተሩ የተቃጠለው የትምህርት ቤት ወንበር ትእዛዝ ተቀብሎ በያዘበት ሳምንት ነው። አዲሱን የገዛው በብድር ነው፤ ከማንም ሳይሆን ከአማቹ።

እስኪ እዚያ የሚሰጡት ለምን እንደሚሰጡ እንይ። ቴክሳስ ያለችውን ኦስቲንን ውሰዱ። እዚያ መብራት የሚሸጠው ኦስቲን ኢነርጂ የከተማዋ የራሷ ድርጅት ነው። በበጋ ሁሉም ሰው ኤር ኮንዲሽነሩን በአንድ ጊዜ ሲያበራ ከተማዋ ውድ ኃይል መፈለግ አለባት። ነጋዴው ፍጆታውን ከቀነሰ ያ ወጪ ይቀርላታል፤ ካተረፈችው ላይ ቆርሳ ትሰጠዋለች ማለት ነው። ለዚህ የሚውለው ገንዘብም ከሰማይ አይወርድም፦ ደንበኞች ሁሉ ከየወሩ ቢላቸው ላይ ለዚሁ ተብሎ ይቆረጥባቸዋል። ዘመዳችሁ የተመለሰለት ብር ጎረቤቱም እሱም ሲከፍሉት የኖሩት ነው። በሲያትልና በሎስ አንጀለስም መብራት ሻጩ የከተማው ድርጅት ነው።

እዚህ መብራት የሚሸጥልን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ የፌዴራል መንግሥት የልማት ድርጅት። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ኪሎዋት አይሸጥም፤ እናንተ ሞተር ስላጠፋችሁ ካዝናው ውስጥ የሚቀርለት ነገር የለም። ወረዳው ንግድ ፈቃድ ያድስላችኋል እንጂ የቆጣሪ ንባባችሁን አያየውም። ይልቁንም በእኛ በኩል ከመንገዱ ወዲህ ያለው ሼድ አዲስ አበባ፣ ወዲያ ያለው ሸገር ከተማ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ግን ለሁለቱም የሚመጣው ከአንድ መሥሪያ ቤት ነው። የትኛው ከንቲባ ይክፈል?

«በፊትስ አምፖል በነፃ ሰጥተው የለም እንዴ?» ይሉኛል። አዎ፣ ሰጥተዋል፤ በ2002 ግድም ነው። ግን ማን ሰጠ? ያኔ መብራት ኃይል የምንለው ኮርፖሬሽን፣ ማለትም ራሱ ሻጩ። መቼ ሰጠ? ኃይል አጥሮ በፈረቃ ስናበራ ከቆየን በኋላ፣ የምሽቱን ጭነት ለማቅለል። ምን ሰጠ? ቢጫውን አምፖል ተቀብሎ ቆጣቢ አምፖል። ጥሬ ብር ለማንም አልታደለም፣ ከተማ አስተዳደሩም አልነበረበትም። ከዚህ ታሪክ ተነስቶ ሞተር የሚገዛበት ብር መጠበቅ ስሌቱ አልገባኝም።

ይሁን፣ ነገ ጠዋት እንዲህ ያለ መስኮት ተከፈተ እንበል። እዚያ በሚሠራበት አካሄድ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ታመለክታላችሁ፤ ባለሙያ መጥቶ ያለውን ዕቃ ያያል፤ ሲፈቀድላችሁ ከኪሳችሁ ትገዛላችሁ፤ ደረሰኝ ታቀርባላችሁ፤ ከዚያ የወጪው ከፊሉ ይመለስላችኋል። እጁ ላይ መግዣ ለሌለው ሰው የተሠራ ነገር አይደለም። ሳያስፈቅዱ የገዙትም ብዙ ጊዜ አይቆጠርም። እዚህ ላይ ብልጦቹ ይነቃሉ፦ «ታዲያ አሁን ብገዛ ሊቀርብኝ አይደል?» አዎ፣ ሊቀር ይችላል። ግን ያንን ለማዳን በየወሩ ስንት እየከፈላችሁ ነው? ያንን ባዶውን የሚዞር ወፍጮ መልሳችሁ አምጡት። ለስሌት ያህል ኪሎዋት ሰዓቱን 5 ብር ብንለው በወር 780 ብር ነው፤ ትክክለኛውን ዋጋ ከራሳችሁ ቢል ላይ አንብባችሁ አባዙት። ዋጋው ደግሞ ቆሞ አይጠብቃችሁም። ከአሥር ዓመት በላይ ሳይነካ የቆየው ታሪፍ በ2011 ተሻሻለ፤ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ በአራት ዓመት ውስጥ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተደርጓል። ጠባቂው የሚከፍለው በየሩብ ዓመቱ ያድጋል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያበሽቀኝ ግን ይህ ነው፦ በየሼዱ የማየው ትልቁ ብክነት ብዙ ጊዜ ማበረታቻ የማይከፈልበት ነው። የላላ ቺንጋ ለማጥበቅ ብር የሚመልስ ከተማ አላውቅም። የኮምፕረሰር ቱቦ ሲያፏጭ ውሎ ሲያፏጭ ያድራል፤ እንዲህ ባለ ቤት ከተጨመቀው አየር ሩቡ ያህል ያለ ሥራ ቢያመልጥ አይደንቅም፤ መድኃኒቱ የቱቦ ማሰሪያና ሳሙና ነው፣ አረፋ የሚነሳበትን አይቶ ማሰር። ለቀለም የሚበቃው አየር 6 ባር ሆኖ ሳለ «ይበርታ» ተብሎ 8 ላይ ይሞላል፤ እያንዳንዱ ባር ከኮምፕረሰሩ ፍጆታ ሰባት በመቶ ገደማ ይጨምራል። የድሮው ባለ ትራንስፎርመር ብየዳ ማሽን ሠራተኛው ምሳ ሲበላ እንደተሰካ ያጉረመርማል። ከምጣዱ ላይ አክንባሎው በየጨዋታው መሃል ተነስቶ ይቀራል። ይህን ሁሉ ለማስተካከል የትኛውን ቅጽ ነው የምትሞሉት?

ዕቃ መግዛት ግድ ከሆነ ደግሞ ድጎማ ከመጠበቅ የተሻለ መንገድ አለ። ሕንድ በ2015 እ.ኤ.አ. ኡጃላ ያለችውን የኤልኢዲ መርሐ ግብር ስትጀምር ለየሰዉ ብር አላደለችም። አንድ የመንግሥት ድርጅት በገፍ ጨረታ እያወጣ ገዛ፤ በ2014 ወደ 310 ሩፒ የነበረው የአንድ አምፖል የግዢ ዋጋ በ2016 ወደ 38 ወረደ። እናንተ ሕንድ አይደላችሁም፣ ገባኝ። ግን በአንድ ግቢ ያላችሁ አሥራ ሁለት ሼዶች ለየብቻ መርካቶ እየሄዳችሁ አንድ አንድ አምፖል በችርቻሮ ትገዛላችሁ። ለዕድር ብር ማዋጣት የሚችል ሰው ለአንድ ካርቶን አምፖል ማዋጣት ለምን ያቅተዋል?

ተከራዮችን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችሁ ቆጣሪው በአከራዩ ስም ነው፤ ቢሉን ደግሞ በማሽን ብዛት ትካፈላላችሁ። እንዲህ ከሆነ የቆጠባችሁት ለጎረቤታችሁ ነው፤ ማበረታቻም ቢኖር ብዙ ጊዜ ያለ ባለ ቆጣሪው ፈቃድ አይንቀሳቀስም። ከዋናው ቆጣሪ በታች የራሳችሁን ትንሽ ቆጣሪ አስገጥሙና ክፍፍሉ በንባብ እንዲሆን ከአከራዩ ጋር በጽሑፍ ተስማሙ። አከራዩ ካኮረፈ፣ ሲያሰላ የኖረው ሌላ ነገር ነበር ማለት ነው።

አሁንም «እኔ እጠብቃለሁ» ለሚል፦ እሺ፣ እየጠበቅህ ግን ጻፍ። ገንዘብ የሚሰጥ አካል ቢመጣ መጀመሪያ የሚጠይቅህ በፊት ስንት ትበላ እንደነበር ነው። የዓመቱን ቢል በአንድ ፌስታል ሰብስብ። የእያንዳንዱን ሞተር የስም ሰሌዳ ፎቶ አንሳ፤ ቀለም ከተቀባበት በነጭ ጋዝ ጥረገው። የቆጣሪውንም ንባብ በየወሩ መጀመሪያ ጠዋት፣ ማሽን ሳይነሳ፣ በደብተር አስፍር፤ ማታ ስትዘጋ ያነበብከው ጠዋት ጨምሮ ካገኘኸው ሌሊት ምን ሲሠራ እንዳደረ ፈልግና ደውልልኝ።