የኮንትራት አይቲ ባለሙያ በሰሜን ሸዋ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ቤት ያሠራ ሰው ሁለቱን አሠራር ያውቃቸዋል። ግንበኛውን በቀን ታሠራዋለህ፣ ወይም በቁርጥ ትሰጠዋለህ። በቀን ከሆነ ሥራው ቢጓተት ኪሳራው ያንተ ነው። በቁርጥ ከሆነ ዋጋው ይቆረጣል፣ ሥራው ያልቃል፣ ትረካከባላችሁ። የኮንትራት አይቲ ባለሙያም የሚሠራው በእነዚሁ ሁለት መንገዶች ነው። ግን ግድግዳ ሲንጋደድ በዓይን ይታያል። ዳታቤዝ ሲንጋደድ የሚታወቀው ሒሳብ ሲዘጋ ነው።

የኮንትራት አይቲ ባለሙያ የድርጅቱ ቋሚ ሠራተኛ አይደለም። አንድን ፕሮጀክት ለመጨረስ ለተወሰነ ጊዜ ይመጣል። የሽያጭና የስቶክ ሲስተም ይተክላል፣ ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር የተያዘን ሒሳብ ወደ ሌላ ሶፍትዌር ያዛውራል፣ ቅርንጫፎችን በኔትወርክ ያገናኛል። ይህ ሥራ በየዓመቱ የሚደጋገም አይደለም። ለዚህ ብሎ ቋሚ ፕሮግራመር መቅጠር ለመካከለኛ ድርጅት ከባድ ወጪ ነው።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ናት። በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀችው ከተማ ዛሬ የቢራ ፋብሪካዎችም አሏት። በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኳ ተመርቋል። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ብዙውን ጊዜ የራሳቸው አይቲ ክፍል አላቸው፣ ወይም ከዋና መሥሪያ ቤት ይታገዛሉ። የኮንትራት ባለሙያ በጣም የሚያስፈልገው ለመካከለኞቹ ነው፤ ለጅምላ ነጋዴው፣ ለግል ክሊኒኩ፣ ለኮሌጁ፣ ለገበሬዎች ዩኒየን፣ ለሆቴሉ። ባለሙያውም ከሁለት ቦታ ይመጣል። አንደኛው አዲስ አበባ ነው። ሁለተኛው እዚያው ነው፤ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ እያስተማረ ነው፣ የኮምፒውተር ተመራቂዎችም አሉት።

ከሁለቱ የቱ ይሻላል? የአዲስ አበባው ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ሲስተም ሌላ ቦታ ተክሎ ያውቃል። ነገር ግን ትራንስፖርትና አበል አለው፣ በገበያ ቀን ሲስተሙ ቀጥ ቢል ደግሞ እሱ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። የአገሩ ልጅ በግማሽ ሰዓት ይደርሳል። በእኔ እምነት ዲዛይኑን ልምድ ላለው ሰጥቶ፣ ከጎኑ የአካባቢውን ወጣት በውል ማስገባት ነው የሚያዋጣው። ወጪው ትንሽ ከፍ ይላል፤ ግን እውቀቱ እዚያው ይቀራል።

ሕጉን በተመለከተ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውልን ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይገምታል። ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻለው በሕጉ በተዘረዘሩ ምክንያቶች ነው፤ ተለይቶ የታወቀ ሥራን መጨረስ አንዱ ነው። ፈቃድ አውጥቶ በራሱ የሚሠራ ባለሙያ ግን ሠራተኛ ሳይሆን ተዋዋይ ነው። የእሱ ውል በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሥር ይወድቃል። ቲን ቁጥርና ደረሰኝም ይጠየቃል። ክሊኒክ የታካሚ መዝገብ ለውጭ ባለሙያ ሲከፍት ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። ባለሙያው ያየውን መረጃ ይዞ እንዳይወጣ በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፤ ፕሮጀክት በኮድ ምክንያት እምብዛም አይሰናከልም። አንድ የግንባታ ዕቃ ጅምላ ሻጭ ዘንድ ስቶኩ ወደ ሲስተም ሲገባ አብሬ ቆጥሬያለሁ። ደብተሩ ላይ «ፌሮ 12» ይላል። መጋዘን ውስጥ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ቢን ካርድ ላይ «ብረት ባለ 12» ተብሏል። ደረሰኙ ላይ «የአርማታ ብረት 12 ሚሊ ሜትር» ሆኗል። ሲስተሙ ሦስት ዕቃ ነው ብሎ ያዘው። ግዢው አንዱ ላይ ተደመረ፣ ሽያጩ ሌላው ላይ ተቀነሰ። ስክሪኑ ላይ ከዜሮ በታች የሆነ ፌሮ መጣ። ባለሙያው ሦስት ቀን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ከስቶር ኪፐሯ ጋር ስም ሲያስታርቅ ዋለ። እሷ ባትኖር ኖሮ የትኛው ስም የየትኛው ዕቃ እንደሆነ ማን ይነግረው ነበር?

ፊደላችንም የራሱ ጣጣ አለው። አንዱ ገንዘብ ያዥ «ፀሐይ» ይጽፋል፣ ሌላው «ጸሀይ»። ፍለጋው ሁለቱን አያገናኝም። «ደብረ ብርሃን» ራሱ «ብርሀን» እየተባለ ይጻፋል። ከውጭ የመጣ ሶፍትዌር ብዙ ጊዜ 12 ወር ብቻ ነው የሚያውቀው፤ 5 ወይም 6 ቀን ያላት ጳጉሜን ትቸግረዋለች። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ጠዋት ሁለት ሰዓት የገባ ሠራተኛ በሰዓት መቆጣጠሪያ መሣሪያው ላይ ስምንት ሰዓት ይሆናል። በኦሮሚያው ሰሜን ሸዋ፣ በፍቼ በኩል ደግሞ ሲስተሙ አፋን ኦሮሞም መናገር አለበት። ይህ ሁሉ ከመፈራረም በፊት በውሉ የሥራ ዝርዝር ውስጥ ካልገባ፣ በኋላ «ተጨማሪ ሥራ ነው» ተብሎ ተጨማሪ ክፍያ ይጠየቅበታል።

መልክዓ ምድሩም አይዘነጋ። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብርዷን ይዛ ተቀምጣለች። ጣርማ በርን ተሻግረህ ሸዋ ሮቢት ስትወርድ 1300 ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን ማቀዝቀዣ ሳያስፈልገው የሚሠራ ሰርቨር (ዋናው ኮምፒውተር) ሸዋ ሮቢት ሙቀቱን ላይችለው ይችላል። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ዕቃ እንዳያቃጥል መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ብቻ አይበቃም፣ ትርፍ ኃይሉን ወደ መሬት የሚያወርድ የተቀበረ አርዝ ያስፈልጋል።

ስለ ጊዜ ካነሳን፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ውል የሚበዛው ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው፤ በጀቱ ተመላሽ እንዳይሆን። ያ ጥድፊያ ለሲስተም ጥሩ አይደለም። ነጋዴም ቢሆን ከዓመታዊ ቆጠራው ጋር አያይዞ ቢጀምር ንጹሕ ቁጥር ያስገባል። ክፍያው ደግሞ በምዕራፍ ይከፋፈል፤ ቅድመ ክፍያ፣ ሙከራው ሲያልፍ፣ ከርክክብ በኋላ። የመጨረሻው ክፍያ ትንሽ ከሆነ ባለሙያው ለርክክቡ አይጓጓም።

ርክክብ ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። አንድ ቦታ ሲስተሙ አምሮ ተጠናቀቀ፣ ተጨበጨበ፣ ባለሙያው ሄደ። ከሦስት ወር በኋላ ሰርቨሩ ተበላሸ። የአድሚን ፓስወርዱ እሱ ጋ ብቻ ነበር፤ ስልኩ አይነሳም። ባክአፕ፣ ማለትም የመረጃው ቅጂ፣ አለ ተብሎ ነበር፤ ፋይሉ ተከፍቶ አያውቅም። የሁለት ሳምንት ሽያጭ ከካርቦን ደረሰኝ እንደገና ተጻፈ። እኔም እጄ እስኪዝል ጻፍኩ። ያን ሰው ክፉ አልለውም፤ ማንም አስረክብ ብሎ በወረቀት አልጠየቀውም። ሶርስ ኮዱ፣ ማለትም ሲስተሙ የተጻፈበት ፕሮግራም፣ የማን እንደሆነም ውሉ አይልም ነበር።

ከዚያ ወዲህ በገባሁበት ፕሮጀክት ሁሉ አንድ ነገር አስይዛለሁ። በርክክቡ ቀን ባለሙያው እጁን አጣምሮ ይቀመጣል። የጅምላ ሻጩ ዘንድም እንዲሁ አደረግን። ፓስወርዶቹ በታሸገ ፖስታ ለባለቤቱ ተሰጡ። ስቶር ኪፐሯ ባዶ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠች። ትናንት የተወሰደውን ባክአፕ ከፍላሽ አውጥታ ራሷ መለሰችው። አርባ ደቂቃ ፈጀባት፣ ሁለት ጊዜ ተሳሳተች፣ ባለሙያው ቁልፍ አልነካም። ከዚያ «ፌሮ 12» ብላ ፈለገች። አንድ መስመር ብቻ መጣ። ወደ መጋዘን ሄዳ ቆጥራ ተመለሰችና ርክክቡ ላይ ፈረመች።