ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሥነ ሕይወት ምርምር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሌላ አገር የሠለጠነ ሞዴል የእኛንም ስላይድ ያነብባል።»
የስላይድ ፎቶ አይቶ ተውሳክ የሚለይ ሞዴል (ከምሳሌዎች የተማረ ፕሮግራም) እንዲሁ በቀጥታ አያነብም። ከመተማና ከሁመራ ቆላ ወደ ጎንደር የሚመጣን የካላዛር (የውስጥ አካላትን የሚያጠቃ የተውሳክ በሽታ) ታማሚ እንውሰድ። ከጣፊያው ወይም ከመቅኔው በተቀዳው ናሙና ላይ የሚፈለገው ተውሳክ ከ2 እስከ 4 ማይክሮሜትር ብቻ ነው፤ የሚለየውም ኒውክሊየሱና አጠገቡ ያለችው ትንሿ ኪኔቶፕላስት (የተውሳኩን ዲኤንኤ የያዘች ነጥብ) አብረው ሲታዩ ነው። ያልተጣራ ጊምሳ (ስላይዱ የሚቀለምበት ማቅለሚያ) ስላይዱ ላይ ዝቃጭ ይተዋል፣ ፕሌትሌቶችም (ደም የሚያረጉ ጥቃቅን የደም ክፍሎች) እዚያው አሉ፤ ሞዴሉ ሁለቱንም ተውሳክ ብሎ ሊቆጥር ይችላል። የማቅለሚያው ውሃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከ7.2 ሲወርድ ስላይዱ ወደ ሮዝ፣ ሲወጣ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ በአንዱ የሠለጠነው በሌላው ይሳሳታል። ስለዚህ ጊምሳውን አጣሩ፣ በየዕለቱ አዲስ በጥብጡ፣ ፒኤቹን ለኩ። ከዚያ ሁለት ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ሳይነጋገሩ ባነበቧቸው የራሳችሁ ስላይዶች ሞዴሉን ፈትኑት።

«95 በመቶ ልክ ከሆነ ይበቃል።»
ከ100 ናሙና ተውሳክ ያለበት 5 ብቻ ቢሆን፣ ሁሉንም «የለበትም» የሚል ሞዴልም 95 በመቶ ልክ ነው፤ አንድም ታማሚ ግን አላገኘም። ዳታው እንዴት እንደተከፈለም ጠይቁ። ከአንድ ታማሚ ስላይድ 100 ፎቶ ተነሥቶ 80ው ለሥልጠና፣ 20ው ለፈተና ከገባ፣ ሞዴሉ የዚያን ስላይድ ቀለም ሸምድዶ ያልፋል፤ አዲስ ታማሚ ሲመጣ ይወድቃል። ክፍፍሉ በፎቶ ሳይሆን በታማሚ ይሁን። ይህ ጥፋት በጣም የተለመደ ነው፣ ጉዳቱም ከባድ ነው።

«አልፋፎልድ የፕሮቲንን ጉዳይ ጨርሶታል።»
አልፋፎልድ የፕሮቲንን ቅርጽ ከአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል የሚገምት ሞዴል ነው። ሥራው በእርግጥ ታላቅ ነው፤ የ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ግማሽ የተሰጠው ለዚሁ ነው፣ ከ200 ሚሊዮን በላይ ቅርጾችም በነፃ ይገኛሉ። ሆኖም የሚሰጠው ግምት ነው፣ የእምነት ደረጃውንም በቀለም ያሳያል፦ ከ100 ነጥብ ደማቅ ሰማያዊ ከ90 በላይ፣ ብርቱካናማ ከ50 በታች። ብርቱካናማው ክፍል ብዙ ጊዜ ቋሚ ቅርጽ የሌለው ስለሆነ የመድኃኒት ማረፊያ እዚያ ላይ አትፈልጉ። አንድ አሚኖ አሲድ ሲቀየር ፕሮቲኑ ሥራውን ያቆም እንደሆነም ምስሉ አይነግራችሁም፤ ያንን የሚመልሰው ላብራቶሪ ነው።

«ውድ ኮምፒውተር ያስፈልጋል።»
ለመጀመር አያስፈልግም። ፕሮቲኑን ዩኒፕሮት (የፕሮቲኖች የመረጃ ቋት) ላይ ፈልጉ፤ ቅርጹ ካለ ማውረድ ብቻ ነው። ከሌለ ኮላብፎልድ (አልፋፎልድን በኢንተርኔት የሚያስኬድ መሣሪያ) በብራውዘር ይሠራል። ረዥም ፕሮቲን ሲሆን የነፃው ማሽን ሜሞሪ አልበቃ ብሎ መሃል ላይ ይቋረጣልና በዶሜይን (ለብቻው በሚታጠፍ የፕሮቲን ክፍል) ከፋፍላችሁ አስገቡ። ውጤቱንም እንዳለቀ አውርዱት፤ ኢንተርኔት ተቋርጦ ክፍለ ጊዜው ከተዘጋ ፋይሉ አብሮ ይጠፋል።