«የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጎንደር ፋሲል ግቢ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ግቢውን የሚዞረው አጥር 900 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ 12 በሮች አሉት። ከነሱ አንዱ ፊት በር ነው፣ ጃንተከል በርም ይሉታል። የሚከፈተው ወደ አደባባይ ነው። የንጉሡ አዋጅ የሚነገረው እዚያ ነበር። ነጋሪት ይጎሰማል። ሰው ይሰበሰባል። አዋጅ ነጋሪው የንጉሡን ቃል ጮክ ብሎ ይናገራል፣ ከቃሉም ጋር ሁላችንም በቃላችን የምናውቃት ነገር ትመጣለች፦ «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ!»

አባባሏ የጎንደር ብቻ አይደለችም፤ አዋጅ በተነገረበት ሁሉ ነበረች። ዛሬ የስብሰባ ጥሪ ላይም፣ መኪና ላይ በተጫነ ሞንታርቦ ልብስ በቅናሽ ሲሸጥም እንሰማታለን። ልጆች እንኳ ቆርቆሮ እየደበደቡ «አዋጅ አዋጅ የደበሎ ቅዳጅ» ብለው ሲጫወቱ አብረው ያስከትሏታል። ብዙ ሰው እንደ ማሳመሪያ ነው የሚያያት። እኔ ግን የአዋጁን ሥራ ሁሉ የምትሠራው እሷ ናት እላለሁ።

እስቲ አስቡት። አዋጁን በጆሮው የሚሰማው አደባባይ የተገኘ ሰው ብቻ ነው። ደምቢያ ያለው ገበሬ፣ ወገራ ያለው እረኛ እንዴት ይስማ? ማንበብ የሚችለው ጥቂት ነው፣ የማተሚያ መሣሪያ የለም። ያለው መንገድ ሰው ነው። ጨው ሊሸምት የመጣ፣ በግ ሊሸጥ የመጣ፣ ክስ ይዞ የመጣ ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ አዋጁን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ አድማጩ እየሰማ ሳለ ሥራ ይሰጠዋል። ሰምቶ መሄድ ብቻ አይፈቀድለትም።

ቃሏን ጠጋ ብላችሁ እዩአት። «ላልሰማ» አላለችም፣ «ላልሰማህ» ነው ያለችው። ያልሰማው ሰው እኮ እዚያ የለም! ግን «አንተ» እየተባለ ይጠራል፣ ልክ ፊት ለፊት እንደቆመ ሰው። አዋጅ ነጋሪው እዚያ ላሉትም ለሌሉትም አንድ ላይ ነው የሚናገረው፣ የሌሉትን የሚያገኛቸው ባሉት አፍ ነው። ደግሞ «ንገር» አላለም፤ «አሰማ» ነው ያለው። መንገር የተናጋሪው ሥራ ነው፣ አፍህን ከፍተህ ካወጣኸው ነግረሃል። ማሰማት ግን ያኛው ሰው እስኪሰማ ድረስ አያልቅም። ይቺ ልዩነት እኔን ሁሌም ታስገርመኛለች።

ነጋሪት የሚለው ስም ራሱ «ነገረ» ከሚለው የግዕዝ ቃል ነው የመጣው፤ ተናጋሪ እንደማለት። በ1934 ዓ.ም. መንግሥት ሕግ የሚያወጣበት ጋዜጣ ሲጀመር «ነጋሪት ጋዜጣ» የተባለው በዚሁ ከበሮ ስም ነው። እስከ ዛሬም ስሙ አለ። ከበሮው ወረቀት ሆነ ማለት ነው። ግን አሰሚው ቀረ። ጋዜጣው ለሚያነብ ሰው ነው፣ አንብቦ ለጎረቤቱ እንዲያሰማ ማንም አላዘዘውም።

በጥንቷ አቴንስ የሕዝብ ጉባኤ ሲከፈት ለፋፊው «መናገር የሚፈልግ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። የኛው አዋጅ እንዲህ ያለ ጥያቄ የለውም። ታዲያ ጎንደር ውስጥ ሕዝቡ መልስ የሚሰጥበት መንገድ አልነበረም? ነበረ፣ ግን በሌላ በኩል ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1770 ጎንደር ሲገባ ካስገረሙት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ተበዳዮች ከጠዋት እስከ ማታ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ፣ የንጉሡ ጆሮ በሚደርስበት ቦታ ሁሉ፣ በየቋንቋቸው «ጃንሆይ!» እያሉ ፍትሕ ይጮሃሉ። ክረምት ሲሆንና ባለጉዳይ ሲጠፋ ደግሞ ጩኸቱ እንዳይቋረጥ የሚጮሁ ሰዎች በገንዘብ ይቀጠሩ ነበር ይላል። ብሩስ ነገሩ ከንቱ መስሎት ነበር። እኔ እንደሱ አላየውም። ዝም ያለ አደባባይ ለንጉሥ የሚያስፈራ ነገር ነው፤ ሕዝቡ አለመጮሁ ደስ ብሎት ይሁን ተስፋ ቆርጦ አይታወቅም።

በ1713፣ ያው በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ለንደን ውስጥ ጋዜጠኛው ጆሴፍ አዲሰን የአንባቢን ድምፅ ለመቀበል አንድ ቡና ቤት ላይ የተቀረጸ የአንበሳ ራስ አሰቀለ። አንባቢ ደብዳቤውን አንበሳው አፍ ውስጥ ይከታል፣ ደብዳቤው ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ፋሲል ግቢ ያለውን የአንበሳ ቤት ባየሁ ቁጥር ያ አንበሳ ትዝ ይለኛል።

ራዲዮ ሲመጣ ነገሩ ወደ አንድ አቅጣጫ አደላ። እኛ አገር በ1928 ዓ.ም. ተጀመረ፣ ቴሌቪዥኑ በ1957። ሳጥኑ ይናገራል፣ አንተ ትሰማለህ። ጀርመናዊው ጸሐፊ ቤርቶልት ብሬሽት ገና በ1932 እ.ኤ.አ. ራዲዮ መላክ ብቻ ሳይሆን መቀበልም አለበት፣ አድማጩም ይናገር ብሎ ተከራክሮ ነበር። እኛ ጋ ሰው ስልክ ደውሎ በቀጥታ ሥርጭት ማውራት የለመደው ብዙ ቆይቶ፣ በ1992 ዓ.ም. ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ከመጣ ወዲህ ነው።

ጎንደሬ ግን ይህን ነገር ከራዲዮ አልተማረውም። አዝማሪ ቤት ግቡ። ማሲንቆው ይገረፋል፣ አንዱ እንግዳ ብርሌውን አስቀምጦ እጁን ያነሳና «ተቀበል!» ይላል። ስንኙን ይሰጣል። አዝማሪው ቃል በቃል ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል፣ ቤቱ በሳቅና በእልልታ ይናጋል፣ ከወዲያ ጥግ ሌላው ተነስቶ ለዚያ ስንኝ መልስ ይሰጣል። እዚያ ቤት አድማጭ የሚባል ሰው የለም። ቅኔ ማሕሌቱም እንዲሁ ነው፤ ቅኔው ሲያምር ሊቃውንቱ «ይበል!» ይላሉ፣ ባለቅኔው ልፋቱ እንደያዘለት የሚያውቀው በዚያች ቃል ነው።

አሁን ወደ ስልካችን ስንመጣ፣ የማሰማቱ ሥራ ሁላችንም እጅ ገብቷል። ሼር ማድረግ ሌላ ምንድን ነው? ችግሩ የአባባሏን የመጀመሪያ ቃል መዝለላችን ነው። «የሰማህ» ነው የሚለው። ባለፈው ክረምት ነፃ የዓይን ሕክምና አለ የሚል መልእክት ርዕሱን ብቻ አይቼ ለቤተሰብ ግሩፕ ላክሁ። ታች የተጻፈው ቀን የአምናው ነበር። አክስቴ ሞራ የጋረደው ዓይኗን ይዛ ከአዘዞ መጣች፣ በሩ ዝግ ነበር። ያን ቀን ፊቷን ማየት ከብዶኛል። እኔ አልሰማሁም ነበር፤ ሳልሰማ አሰማሁ።

አያቴ ማንበብ አትችልም። ሰፈራችን የዕድር ጥሩምባ ሲነፋ ገና ጎህ ሳይቀድ ትነሳለች። ጋቢዋን ደርባ በሩን ገርበብ አድርጋ ትቆማለች፣ ለፋፊው ስሙን፣ ሰዓቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ተናግሮ እስኪጨርስ አትንቀሳቀስም። ከዚያ አጥሩን ዞራ ጆሯቸው ወደከበዳቸው ጎረቤታችን ቤት ትሄዳለች። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጃቸውን ትይዛለች፣ አፏን ጆሯቸው ላይ አድርጋ ትነግራቸዋለች።

«ማን አልሽኝ?» ይላሉ።

ደግማ ትነግራቸዋለች። ዝም ብላ ትጠብቃለች።

«ስድስት ሰዓት... ፊት ሚካኤል» ይላሉ እሳቸው ቀስ ብለው። እጃቸውን የምትለቀው ያን ጊዜ ነው።